ሦስት ጊዜ የሳብሁት ትንፋሽ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለልጆቼም አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴ ጾም የገደፍሁበትን ቀን፣ ሰው የሰደብሁበትን ቃል ሳይቀር ስዘረዝር ኖሬ፣ ይህን አንዱን ግን ሁልጊዜ ከምላሴ ሥር ሸሽጌ ተነሥቻለሁ። እናንተ የምታነቡኝ እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ስለማላውቃችሁ ነው የምነግራችሁ። ፊታችሁን ባይ ኖሮ እንደ ልማዴ ወሬ ቀይሬ አስቃችሁ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ በቀልዴ ነው የሚያውቀኝ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ከእኔ አጠገብ መቀመጥ ይወዳል።

ሰው ገድለሃል ወይ ብትሉኝ፣ በእጄ አልገደልሁም። እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር ነው፤ እንዲያውም ያላደረግሁት አንድ ነገር ነው። ካንዴላውን አልፈታሁም። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነበር፤ መፍቻውም በእጄ ነበር፤ አልፈታሁም። አለመፍታትና መግደል የተለያዩ ነገሮች ናቸው እያልሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከራሴ ጋር ስከራከር ኖርሁ። ክርክሩን አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ነው። ሐይቁ ዳር የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝናኛ ክበብ ነበር፤ እኔ እዚያ የጀልባ ነጂ ነበርሁ። ይስማውም ነጂ ነበር። አንድ ሰፈር ያደግን፣ በአንድ ጀልባ መቅዘፍ የተማርን ጓደኛሞች ነበርን፤ ሁለታችንም ገና ሃያዎቹን መጀመራችን ነው። ክበቡ ውስጥ ከጀልባዎቹ ሌላ አንዲት ጉድ ነበረች። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ የተዋት፣ ቆመው የሚነዷት የውሃ ሞተር ሳይክል። ያን ጊዜ ባሕር ዳር እንደዚያ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ሰውየው ከመሄዱ በፊት አነዳዷን ለእኔና ለይስማው አሳየን፤ አነዳዷን ብቻ ሳይሆን አጠላለቋንም። የከተማው ሰው ዳክዬ ብሎ ስም ያወጣላት ለዚህ ነው።

ዳክዬ ስትጠልቅ እንዲህ ነበር። ነጂው ፍጥነት ይጨምርና ክብደቱን ሁሉ ወደ መሪው ጥሎ አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ይደፍቃታል። ሞተሯ እየሠራ፣ ሰውየው እንደ ቆመ፣ ሁለቱም ይሰምጣሉ። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው በሐይቁ ላይ ምንም አይቀርም፤ ድምፅም አይቀርም። ትንሽ አረፋ ብቻ። ከዚያ ከጠለቁበት ርቆ፣ ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ እያጓራች ብድግ ትላለች። እሑድ እሑድ ሰዉ ይህን ለማየት የክበቡ አጥር ላይ ይደረደር ነበር፤ ውሃ ውስጥ እስካለን ድረስም ሁሉም በአንድ ድምፅ ይቆጥራል። እኔ ስጠልቅ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ይደርሳል። ይስማው ሲጠልቅ ሰባት ይሞላል። ያጣላችን ይቺ አንዲት ቁጥር ናት። ተጣላን ማለቴም ውሸት ነው፤ እሱ አልተጣላኝም።

የክበቡ መካኒክ ጋሽ ዘለቀ ነበሩ፤ ከድሬዳዋ ተዛውረው የመጡ፣ ቁጡና ደግ ሰው። ትእዛዛቸው አንድ ነበር። ዳክዬ ከጠለቀች ካንዴላዋ ሳይፈታ አታድርም። ስትጠልቅ ውሃ አየር በምትስብበት በኩል ወደ ሞተሯ ይገባል። ስለዚህ ለሞተሩ እሳት የሚጭርለት ካንዴላ ይፈታል፤ ሞተሩ ባዶውን ይዞራል፤ ውሃው በቀዳዳው ተፍ ተፍ እያለ ይወጣል፤ ዘይት ጠብ ተደርጎ ይዘጋል። ይኸው ነው።

"ሞተር እንደ ሰው ነው፤ አየር እንጂ ውሃ አይተነፍስም" ይሉን ነበር። "ውሃ ያደረበት ሞተር አልነሣም ካላችሁ ደግ ነው። እናንተ የምትፈሩት ሲነሣ ነው።"

እኔ ይህን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ የማመካኝበት የለኝም።

የአብዮት በዓል ሊከበር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለሚመጡ በሐይቁ ላይ ትርኢት ይኑር ተባለ። የክበቡ ኃላፊዎች ጠሩንና ዳክዬን የሚያሳየው ይስማው ነው፤ አንተ በመቅዘፊያ ጀልባ ሆነህ አካባቢውን ትጠብቃለህ አሉኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ እሺ አልሁ። ስንወጣ ይስማው ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "ምቀኛ አያሳጣኝ" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሣቄ ያን ጊዜም ጥሩ መደበቂያ ነበረች። ሌሊቱን ግን እንግዶቹ ሲያጨበጭቡ፣ እኔ መቅዘፊያ ይዤ እንደ ዘበኛ ቆሜ ስመለከት ታየኝ። ቅናት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልሞክርም።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘቀዝቅ፣ ሰው ሁሉ ለሰልፍ ልምምድ ወደ አደባባይ ሄዶ ነበር። ጋሽ ዘለቀም ቤታቸው ገብተዋል። ዳክዬን ከመጋዘን ጎትቼ አወጣኋት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለ ነበር ሐይቁ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዳሩ ላይ ያለው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። የዘጌ ጫካ ከሩቅ ጠቁሮ ይታያል። ጠለቅሁ፤ አምስት። ደግሜ ጠለቅሁ፤ አምስት። ሦስተኛውም ያው ነው። የሚቆጥርልኝ ስለሌለ በሆዴ እየቆጠርሁ ነበር። በአራተኛው ግን ደረቴ እስኪተረተር ቆየሁ፤ ቁጥሩም ጠፋብኝ። ከታች ያለው ውሃ ጨለማ ብቻ አልነበረም። የሆነ ነገር አጠገቤ ሆኖ ከእኔ ጋር ትንፋሹን የያዘ መሰለኝ።

ብቅ እንዳልሁ ከዳር በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ። "ስምንት" አለ። ሌላ ቃል የለም።

ዞር ብዬ አየሁ። አጥሩ ላይ ማንም የለም። ነፋስ በሌለበት ደንገሉ ይወዛወዛል። ማን ነህ ብዬ ልጠራ አስቤ ተውሁት፤ በምሽት ሐይቁ ሲጠራህ አቤት አትበል የሚሉ የታንኳ ሰዎች መካከል ነው ያደግሁት። ዳክዬን ወደ መጋዘኑ መለስኋት። ውጪዋን በጨርቅ ወለወልሁ፤ ደርቃ የዋለች እስክትመስል ድረስ ወለወልሁ። መፍቻውን አነሣሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥሁት።

ለምን? ፈርቼ ልሂድ ስል ነው ልበላችሁ? ፈርቼ ነበር፤ እውነት ነው። ግን መፍቻውን ያስቀመጥሁት ፍርሃት አይደለም። ነገ በእንግዶቹ ፊት ይስማው ማስነሻውን ሲጫን፣ ሲጫን፣ ዳክዬም እምቢ ስትለው፣ ሰዉ ሲያጉረመርም በዓይኔ መጣልኝ። ፈገግ አልሁ። ጨለማ መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ፈገግ አልሁ። ካንዴላውን አልፈታሁም። ሸራዋን አልብሼ በሩን ዘጋሁ። እንዲሞት አልፈለግሁም፤ እንዲያፍር ብቻ ነበር የፈለግሁት። ይህን ስናገር እንደ ማስተባበያ አትስሙኝ። ክፋት የሚጀምረው በትንሽ ልክ ነው፤ ልኩን የሚጨምርበት ሌላ ነው።

ጠዋት ጋሽ ዘለቀ መጡና ሸራውን ገልጠው አዩአት። ቤንዚን ሞሉ። "ማታ የነካት አለ እንዴ?" አሉ። "ከእርስዎ በቀር ማን ይደፍራታል ጋሽዬ" አልኋቸው። ሳቁ። የመጀመሪያው ውሸት በሣቅ አለፈ።

ሁለተኛው እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። ዳክዬን ወደ ውሃው ስንገፋት ይስማው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "ስምንት" አለኝ።

እሱ እየሳቀ ነበር። ማታ እናቱ ለበዓሉ ዶሮ ሠርተው ጥራው ብለው ልከውት፣ መጥቶ ደንገሉ ኋላ ሆኖ አይቶኝ ኖሯል። ቆጥሮልኛል። እንዳላፍር ብሎ ሳይጠራኝ ተመልሷል።

"ለጋሽ ዘለቀ ትንፍሽ አልልም" አለኝ። "እኔም ዛሬ ዘጠኝ ካልሞላሁ በለጥኸኝ ማለት ነው። ካንዴላዋን ፈትተኻታል አይደል?"

እኛ አዎ ለማለት ሁልጊዜ ቃል አናወጣም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ የሚሰማ ሰው ይበቃዋል። እኔም ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ። ይኸው ነው። ይስማው ሌላ አልጠየቀም፤ ለምን ይጠይቃል? ጓደኛው ነኝ።

ተነሣች። በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣች። እፎይ አልሁ፤ እግዜር ምሮኛል፣ ክፋቴን ሳያደርሰው አስቀርቶልኛል ብዬ አማተብሁ። ከድምፅዋ ሥር ግን ቀጭን ማንኳኳት ነበረች፤ ከውጭ ሆኖ በር በጣቱ የሚቆረቁር ሰው ያለ ያህል። ሙዚቃውና የድምፅ ማጉያው በሚያደነቁርበት ቦታ ያችን ድምፅ የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ምን እንደሆነች የማውቅ እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ። የጋሽ ዘለቀ ቃል ትዝ አለኝ። እጄን አንሥቼ ቁም ልለው እችል ነበር። አላነሣሁም።

በመጀመሪያው መጥለቅ ስድስት ላይ ወጣ። በሁለተኛው ስምንት። ሰዉ አበደ። እንግዶቹም ከወንበራቸው ተነሡ። ለሦስተኛው ይስማው ሰፊ ዙሪያ ዞሮ፣ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል፣ ውሃው መሳብ ወደሚጀምርበት ሄደ። ከእኔ ጀልባ ሩቅ አልነበረም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ዐይኑን ወደ እኔ ጣል አድርጎ በጣቶቹ ዘጠኝ አሳየኝ። ከዚያ ጠለቀ።

ሰዉ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔም እቆጥራለሁ። ሰባት ላይ ከውሃው ሥር ቋ የሚል ነገር የጀልባዬ እንጨት ውስጥ ገብቶ በእግሬ ተሰማኝ። ስምንት። ዘጠኝ። ሰዉ ጮኸ፤ አጨበጨበ። ዐሥር ሲሉ ጭብጨባው ጨመረ። ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት። እንደዚያ ደስ ብሎት የሚቆጥር ሕዝብ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም። ሰዎቹ ምን ያድርጉ? መጥለቅና መውጣት ያስለመድናቸው እኛ ነን። ሰው ሲሰምጥ ማጨብጨብ ያስተማርናቸው እኛ ነን። እኔስ? እኔ ከሁሉም ቅርብ ነበርሁ፤ ያ ድምፅም በእግሬ ገብቷል፤ ግን እቆጥር ነበር። ዐሥራ አምስት ላይ ድምፃቸው ሳሳ። ሃያ ላይ ሴቶች ብቻ ቀሩ። መቅዘፊያውን ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እስከ ሃያ እንደቆየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። በለጠኝ ብዬ እየተናደድሁ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አምናለሁ።

ዳክዬ ብቻዋን ወጣች። በጎኗ ተኝታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ቀስ ብላ እየዞረች ወደ ዓባይ አፍ ተንሳፈፈች። ዘልዬ ገባሁ፤ ጠለቅሁ፤ ደጋግሜ ጠለቅሁ። በእጄ የመጣው ጭቃ ነው።

ታንኳ ያለው ሁሉ ወጣ። ሁለት ቀን ተፈለገ፤ አልተገኘም። ዳክዬን በማግስቱ ከታች፣ ዓባይ ላይ ጨረጨራ ከሚባለው ቦታ ድንጋዮቹ ላይ አገኟት። ጋሽ ዘለቀ ሲፈቷት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሞተሯ ተቆልፏል። ሞተሩ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ቡናማ ዝገት ነበረ። ዝገቱን በጣታቸው ጠረጉና ወደ እኔ ቀና አሉ፤ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ይህ የትናንት ውሃ አይደለም" አሉ። "ከበዓሉ በፊት ያደረ ውሃ ነው።"

በዚያው ቀን ከሰዓት ሁለት ሰዎች መጥተው ጋሽ ዘለቀን ወሰዷቸው። በእንግዶች ፊት የደረሰ ነገር ስለሆነ አሻጥር ነው ተብሎ ነበር። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል የተጣበቀበት ሰው ምን እንደሚሆን ለዕድሜ እኩዮቼ መናገር አያስፈልገኝም። ለወጣቶቹ ግን ልንገራችሁ፤ ላይመለስ ይችላል። ጋሽ ዘለቀ በዋዜማው ዳክዬን የነካት ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ስሜን አልጠሩም። እኔም እሳቸውን ለማዳን አፌን አልከፈትሁም።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ይስማውን አገኘሁት።

ብቻዬን እየቀዘፍሁ ነበር። ከዓባይ አፍ አጠገብ፣ ደንገል የከበባት፣ አንዲት ሾላ ያለባት ትንሽ ደሴት አለች። ጉም ነበረ። ደንገሉ መካከል ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተኝቷል። ግንባሩ ላይ የመሪው ብረት የመታው ምልክት አለ፤ ሞተሯ ውሃ ውስጥ ድንገት ስትቆለፍ በራሱ ፍጥነት ወደ ፊት ሄዶ ተላትሟል። ያ የሰማሁት ቋ የሚል ድምፅ ምን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ ሊቆጥር የፈለገ ይመስላል።

ከተማው ድረስ ልወስደው ይገባኝ ነበር። እናቱ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ነበረ። እኔ ግን እዚያ ጉም ውስጥ ቆሜ አሰብሁ። ሬሳው ከተገኘ ሞተሯን መርማሪዎች እንደገና ይፈቷታል፤ ጋሽ ዘለቀም ይናገራሉ፤ ወይም ሳይናገሩ ይሞታሉ። ሬሳው ካልተገኘስ? ዳር ላይ የቆመው ሰው ማውራት ጀምሮ ነበር፤ ወጣት ሁሉ ከውትድርና በሚሸሽበት ጊዜ፣ ይስማው በውሃ ሥር ሄዶ ዘጌ ጫካ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ሱዳን ተሻገረ ይባል ነበር። ሬሳው ካልተገኘ ይስማው ኮበለለ እንጂ አልሞተም። ካልሞተ አሻጥር የለም። እኔም የለሁበትም።

በመቅዘፊያና በእጄ ቆፈርሁ። ሾላዋ ሥር ቀበርሁት። ሦስት ድንጋይ አስቀመጥሁ። አቡነ ዘበሰማያት ልደግምለት ጀምሬ "ወኢታብአነ"፣ ወደ ፈተና አታግባን የሚለው ላይ ስደርስ አቆምሁ፤ አልጨረስሁትም። ፍትሐት አልተደረገለትም። መስቀል አላረፈበትም። ጓደኛዬን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ደበቅሁት።

በዚያው ቀን አንድ ካድሬ ጠራኝ። "ጓደኛህ ስለ ሱዳን አውርቶህ ያውቃል?" አለኝ። ጥፍሬ ውስጥ ገና አፈር ነበር። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ። ሁለተኛው ትንፋሽ ይህ ነው።

ጋሽ ዘለቀ በሳምንቱ ተፈቱ። ይህን ለማመካኛ እንዳልጠቀምበት እፈራለሁ፤ ስንት ዓመት ተጠቅሜበታለሁና። ያዳንኋቸው እኔ ነኝ እያልሁ ተኝቻለሁ። ያሳሰርኋቸውም እኔ መሆኔን እየዘለልሁ። መሣሪያቸውን ሊሰበስቡ ክበቡ ሲመጡ አጠገቤ ቆም አሉ። "እኔስ ወጣሁ" አሉ። "እሱን ማን ያወጣዋል?" ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ሦስተኛው ትንፋሽ ከሁሉም ይከፋል። የይስማው እናት እማማ የሺ ይባላሉ፤ ባል የሌላቸው፣ ሕፃኑን ይስማውን አዝለው ከደልጊ በኩል በታንኳ ተሻግረው መጥተው ፋብሪካ የተቀጠሩ ሴት። ከእሱ ሌላ አልነበራቸውም። ቤታቸው ስገባ ፀጉራቸውን ሊላጩ፣ ጥቁር ሊለብሱ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ። ይስማው ተሻግሯል አይደል?" አሉኝ።

ሳብሁ።

እልል አሉ። ጎረቤት እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ቀስ ብለው እልል አሉ። ጥቁሩን ልብስ መልሰው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። እኔ ያን እልልታ ልረሳው አልቻልሁም፤ ልረሳውም አይገባኝም።

የኮብላይ እናት ናቸው ተብሎ ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ተከለከሉ፤ እየሳቁ ተቀበሉት። ልጃቸው በሕይወት አለ፤ ስኳር ምን ያደርግላቸዋል? በየወሩ በቤተ ክርስቲያን፣ በመንገደኞች ጸሎት እንዲታሰብ የክርስትና ስሙን ለነፍስ አባታቸው ይሰጡ ነበር። እኔ ማገዶ እሰነጥቅላቸዋለሁ፤ ጣራ እጠግናለሁ፤ እንደ ልጅ ሆንሁላቸው። ሰዉ መረቀኝ። ደርግ ወድቆ ስደተኛ ሲመለስ፣ አውቶቡስ ተራ ቆመው ከሱዳን የሚመጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያዩ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጃንጥላ እይዛለሁ። ይህን የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው? ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስንቴ ልንገራቸው ብዬ ደጃፋቸው ደርሼ ተመለስሁ። አለ ብለው የሚኖሩበትን ልጅ በየትኛው አፌ ልውሰድባቸው? ደግ የመሰለኝ ይህ ምክንያትም የፈሪ ምክንያት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እያደር ደፈረሰ።

ሐይቁን በተመለከተ አንድ ነገር አለ፤ አታምኑኝም ይሆናል። በየዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በዳሩ ካለፍሁ ከደንገሉ ኋላ የሚቆጥር ድምፅ እሰማለሁ። የይስማው ድምፅ ነው፤ በዚያ ምሽት የቆጠረልኝ። በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ላይ አቆመ። በሚቀጥለው ዘጠኝ ላይ። ከዚያ በየዓመቱ አንድ ጨመረ። ደርግ ወደቀ፤ ክበቡ ፈረሰ፤ ሌላ ሕንፃ ተሠራ፤ ቁጥሩ አልቆመም። አሁን ከዐርባ አልፏል። ቁጥሩ እስኪያልቅ እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ፤ ዕድሜዬ ሲገፋ ደረቴ እየቻለ አይደለም። አንድ ዓመት ከቁጥሩ ቀድሜ እንደምወድቅ አውቃለሁ።

እማማ የሺ ባለፈው ኅዳር ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ የሚቀርብ ሰው የለማ። በቀብሩ ላይ፣ ካህናቱ ባሉበት፣ በጠራ ድምፅ አነበብሁት። አንድ ልጃቸው በውጭ አገር ይገኛል ብዬ አነበብሁ። ሴቶች አለቀሱ፤ ለእናቱ ቀብር ያልደረሰ ልጅ ብለው። እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አልተከፈተችም።

ያን ቀን ወሰንሁ። እማማ የሺ የሉም፤ ተስፋቸውን የሚነጥቅ ነገር የለም። ቢያንስ አሁን ለይስማው ፍትሐት ይደረግለት። ዐርባቸው ሲደርስ ወደ አንድ ካህን ሄጄ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅሁ። ሳይፈታ የተቀበረ ሰው አለ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ፍትሐት ይደረግለታል ወይ አልሁ።

"ይደረግለታል እንጂ ልጄ" አሉኝ። "የክርስትና ስሙ ማን ነው?"



አላውቀውም። ከእሱ ጋር አድጌ፣ ከእሱ ጋር ቀዝፌ፣ በእጄ ቀብሬው፣ የክርስትና ስሙን አላውቀውም። እናቱ ሠላሳ ዓመት በየወሩ ሲጠሩት አጠገባቸው ቁጭ ብያለሁ፤ ያን ስም እየፈራሁ ጆሮዬን ሌላ ቦታ አደርግ ነበር። ነፍስ አባታቸው ከእሳቸው ቀድመው ሞተዋል። ደልጊ ድረስ ሄድሁ፤ ክርስትና የተነሣበትን ደብር የሚያውቅ የለም፤ የክርስትና አባቱን የሚያውቅ የለም። ባየሁት ሽማግሌ ሁሉ ፊት ቆሜ ጠየቅሁ። ስሙን የሚያውቁ እናቱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውንም አፈር አልብሼ፣ የሐሰት ታሪክ አንብቤ ተመልሻለሁ። ካህኑ ሲያዝኑልኝ እግዚአብሔር ያውቀዋል አሉኝ። እግዚአብሔርማ ያውቃል። ጨርሶ እንዳይጠራ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ነው ከአፌ ያልወጣውን እዚህ የጻፍሁት። መቃብሩ ሾላዋ ሥር ነው፤ ሦስቱ ድንጋዮች አሉ፤ መንገዱን አሳያለሁ። ከደልጊ ወገን፣ በሕፃንነቱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሐይቁን የተሻገረ፣ ይስማው የሚባል ልጅ ክርስትና ሲነሣ የነበረ፣ ወይም ከነበረ ሰው የሰማ ካለ፣ ያን ስም ይንገረኝ። ለእኔ ብላችሁ አይደለም። ለእኔ ይቅርታ ለምኑልኝ አልልም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለቱ ሰዎች አንዱ በውሸቴ ምክንያት ሳይፈታ፣ አንዷ በውሸቴ ደስ ብሏቸው አፈር ገብተዋል። ሌላው ሰው ይቅር ቢለኝ፣ የሚሰጠኝ ይቅርታ የሱ አይደለም።

አንድ ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ትንፋሽ ሳልስብ፣ በቃል ልናገረው እፈልግ ነበር። ይኸው ተናገርሁ። መፍቻው በእጄ ነበር። ካንዴላውን አልፈታሁም።